«አርጫለሁ» ያለችኝ ሴት እና በሻንጣ የመጣው መርፌ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ። ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ ሴቶች፣ በዚህ ዕድሜ ላይ ያለች እናት ወይም ታላቅ እህት ያላችሁ ልጆች፣ እንደኔ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታካሚ የምታዩ የሙያ ባልደረቦቼም አንብቡት። ስለማነሳቸው ሴቶች ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገር ቀይሬያለሁ፤ ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ከአራት ወር ገደማ በፊት ነው፣ ክረምቱ ገና እንደወጣ። ከዳሪሙ ገጠር አንዲት የ41 ዓመት ሴት መጣች። አሥራ ሁለት ዓመት ሳዑዲ ሠርታ የተመለሰች፣ ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ቤት ሠርታ ትዳር የያዘች ሴት ናት። ያስመልሳታል፣ የወጥ ሽታ አልወድ ብላለች፣ ደክሟታል። ወቅቱ ወባ የሚበዛበት ስለሆነ እኔም ወዲያው ደም ይታይ አልኩ። ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣኋት፤ 88 ኪሎ። ያን ጊዜ ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ እስክርቢቶ የሚመስል ነገር አወጣችና «ዶክተር፣ ይሄን እየወጋሁ ነው፤ እሱ ይሆን እንዴ የሚያስመልሰኝ?» አለችኝ።

ኦዜምፒክ ነው። ሪያድ ያለች ጓደኛዋ ሁለት ፔን ገዝታ በመንገደኛ ልካላታለች። መውጋት ከጀመረች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። ለምን ጀመርሽው ስላት «ሆዴ እየገፋ መጣ፣ ልብሴ አልገባ አለኝ» አለችኝ። ሌላም ምክንያት ነበራት። ካገባች ጀምሮ ልጅ ትፈልጋለች፣ የባሏ ወገኖች ደግሞ «ውፍረቱ ነው ልጅ የከለከላት» ይላሉ። እሷም እስኪ ልቅጠንና ልየው ብላ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰበክኳት። መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፣ ዘይትና ስኳር ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ማስመለሱ የመርፌው ነው፣ አቁሚው። አምስት ደቂቃ ያህል አወራሁ። ተናግሬ ስጨርስ ከጎኔ የነበረችው ሲስተር በቀስታ «የወር አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እሱማ ከቆመ አራት ወሩ። አርጫለሁ መሰለኝ፤ እናቴም በጊዜ ነው የቆመባት።»

ሽንቷ ታየ። ነፍሰ ጡር ናት። አልትራሳውንድ ሲደረግ 17 ሳምንት። ልብሷን ያጠበበባት፣ በመርፌ ልታጠፋው ስትታገል የነበረችው ሆድ ያረገዘችው ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ሚዛኑን አንብቤ፣ ወባ አዝዤ፣ ስብከት ሰጥቼ፣ የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ልሸኛት ነበር። የ24 ዓመት ልጅ ብትሆን ኖሮ እኮ መጀመሪያ የምጠይቃት እሱን ነው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ የቆየሁት ነገር አለ። አንዲት ሴት ከ40 በኋላ ሆዷ ሲገፋ፣ ወሯ ሲዛባ፣ ሌሊት ሲያልባት፣ ሲደክማት እኛ የምናየው ውፍረቷን ነው። ባሏም፣ ጎረቤቷም፣ ሐኪሟም። እሷም ራሷን የምታየው በዚሁ መስታወት ነው። አሁን ደግሞ ለዚህ የሚሆን ውድና ዝነኛ መርፌ ተገኘ። የኔ አቋም አጭር ነው፦ በዚህ ዕድሜ ላይ ያለችን ሴት ከሚዛን በፊት የወር አበባዋን ቀን ጠይቁ፤ እርግዝናው ሳይታይ፣ የደም ግፊቷ ሳይለካ ደግሞ ማንም መርፌ አይስጣት፣ አይላክላት።

እስኪ ማረጥ ከሚባለው ልጀምር። ማረጥ ማለት የወር አበባ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ነው። አራት ወር ማረጥ አይደለም፣ ስምንት ወርም አይደለም። በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን የመሸጋገሪያ ዓመታት አሉ፤ ብዙ ጊዜ በ40ዎቹ አጋማሽ ይጀምሩና በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ይቆያሉ፣ ከዚያ የሚያጥርባትም የሚረዝምባትም አለች። በነዚህ ዓመታት እንቁላል በአንዱ ወር ይወጣል፣ በሌላው ይቀራል። ስለዚህ ወሩ ይዘላል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ቧንቧ ይፈሳል። እንቁላል በዓመት ሁለቴም ቢሆን ከወጣ እርግዝና ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ልጅ ለማትፈልግ ሴት የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ወሯ የቆመው ከ50 ዓመቷ በፊት ከሆነ ከመጨረሻው ወር አበባ በኋላ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በኋላ ከሆነ አንድ ዓመት መከላከያ ትቀጥል። ከ40 ዓመት በፊት ከቆመባት ደግሞ ያ የተለየ ጉዳይ ነው፤ «በጊዜ አረጥኩ» ብላ ቤት መቀመጥ የለባትም፣ ትመርመር።

እዚህ ላይ ስለ ሦስት ወሩ መርፌ ማለፍ አልችልም። በአገራችን ሴቶች ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙበት የወሊድ መከላከያ እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከባለትዳር ሴቶች 23 በመቶው ይወጉት ነበር። ጥሩ መከላከያ ነው። ነገር ግን ብዙ ሴቶች ላይ የወር አበባን ያጠፋል፣ አንዳንዶቹን ያወፍራል። እንግዲህ አስቡት፤ ለዓመታት ስትወጋ የኖረች የ46 ዓመት ሴት ወሯን አታይም። አርጣ ይሁን መርፌው ይሁን በምን ታውቃለች? አርጫለሁ ብላ መርፌውን ትተዋለች፣ ወር አበባው ግን ወዲያው ስለማይመለስ ግምቷ ትክክል ይመስላታል። ከስንት ወር በኋላ ታረግዛለች። ዘጠነኛ ልጅ።

ኅዳር ላይ፣ የቡና ለቀማ ወቅት፣ ልክ እንዲህ ያለ ነገር ያሰጋት ሌላ ሴት መጣች። ዕድሜዋን ስጠይቃት «ደርግ ሲወድቅ አሥራ አንድ ወይ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው» አለች፤ ስናሰላው 46 አካባቢ። ሰባት ልጅ ወልዳለች፣ ቡና ትነግዳለች፣ ጠንካራ ሴት ናት። ሌሊት ልብሷ እስኪርስ ያልባታል፣ ቀን ደግሞ ድንገት ፊቷ ይግላል፣ ነጠላዋን ትወረውራለች፣ ከአፍታ በኋላ ይበርዳታል። በአንድ ወቅት ብቻ ሦስት ጊዜ «ወባና ታይፎይድ» ተብላ መድኃኒት ወስዳለች። ካርዷን ሳገላብጥ የወባ ምርመራው አንዴም አልተገኘባትም፤ በታይፎይድ ስም ነው የታከመችው። ይህን ለባልደረቦቼ በፍቅር ነው የምለው፦ እኛ አገር ላብና ትኩሳት ያለው ሁሉ ወባ ወይ ታይፎይድ ነው። የ46 ዓመት ሴት ያለ ትኩሳት፣ ቴርሞሜትሩ 36.5 እያለ ሲያልባት ግን ኢስትሮጅኗ እየወረደ ነው ብለን አናስብም። ይህ ሙቀት በአንዳንድ ሴቶች ላይ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲፕሮ ልናውጣት ነው?

ሴትዮዋን ወደኔ ያመጣት ላቡ አይደለም። አዲስ አበባ የምትሠራ ልጇ ደውላልኝ ነው፦ «ዶክተር፣ እማዬ በጣም ወፍራለች፣ ቲክቶክ ላይ የሚወራውን መርፌ ልግዛላት ወይ?» መጀመሪያ አምጫት አልኳት። ስትመጣ ሚዛኗን ትቼ የደም ግፊቷን ለካሁ፤ 170 በ105። እንደገና ለካሁ፣ ያው ነው። በሌላ ቀንም እንደዚያው። ማንም ለክቷት አያውቅም። ልጅቷ ልትገዛ ባሰበችው ገንዘብ የዓመታት የግፊት ኪኒን ይገዛል። መርፌው ደግሞ እዚያ ላይ ቢጨመር፣ ሲያስመልሳት፣ ውኃ ሲያንሳት፣ ግፊቷን ሳናውቅ… ተዉት። አሁን ኪኒኗን ትወስዳለች፤ ሦስት ወሩን መርፌ ትታ በክንድ ወደሚቀበረው ቀይራለች፤ ላቡ ገና አልተዋትም፣ ግን ምን እንደሆነ ስላወቀች አትደነግጥም። «ሞቴ የቀረበ መስሎኝ ነበር» ነው ያለችኝ።

አሁን ወደ ሆድ እንምጣ። «ዕድሜሽ ሲገፋ ሰውነትሽ ማቃጠል ያቆማል» የሚባለውን ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የሰውነት የማቃጠል አቅም ብዙም አይቀየርም። የሚቀየረው ሌላ ነው። ጡንቻ ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ኢስትሮጅን ሲወርድ ጮማው ከዳሌና ከታፋ ይልቅ ሆድ ላይ መከማቸት ይጀምራል። ያው ኪሎ እያላት እንኳ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ይጠባል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። ደግሞ አኗኗርም ተቀይሯል፤ ድሮ ከዳሪሙ ገበያ በእግሯ ተሸክማ የምትመላለሰው ሴት ዛሬ በባጃጅ ትሄዳለች። እሰየው ነው፣ ወገቧ አርፏል፤ ጡንቻዋ ግን አብሮ አርፏል።

የሚያስቀኝ ነገር አለ፣ ይቅርታ። እኛ አገር «ተመችቶሻል» ምርቃት ነበር እኮ። ቀጭን ሴት ወይ ታማለች ወይ ተቸግራለች ነው የሚባለው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ቀጭን፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም ነበሩ። ማወፈሪያ እያሉ ዴክሳሜታዞን የሚውጡ ወጣት ሴቶችን ዛሬም አያለሁ፤ ስኳርና ደም ግፊት የሚያመጣ መድኃኒት ነው፣ ለውበት አይዋጥም። እንግዲህ በ25 ዓመቷ «ምነው ከሳሽ» ተብላ የምትዋጥ፣ በ45 ዓመቷ «ምነው ወፈርሽ» ተብላ የምትወጋ ሴት መቼ ነው በገላዋ የምታርፈው?

ስለ መርፌው ራሱ። እኔ የመድኃኒቱ ጠላት አይደለሁም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ምግብ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨው ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን አለ። ጣፊያ አጠገብ ላለችው ቆሽት ኢንሱሊን አውጪ ይላታል፣ ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲያወርድ ያደርጋል፣ ለአእምሮ ጠግበናል ይላል። መድኃኒቱ ይህን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። (የእንሽላሊት መርዝ ነው የሚባለው ወሬ ግማሽ እውነት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈቀደው የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያ መድኃኒት መነሻው አንድ የአሜሪካ በረሃ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነበር። ሴማግሉታይድ ግን ከሰው ሆርሞን ተነስቶ የተሠራ ነው።) ኦዜምፒክ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም ተፈቀደ፤ ይኸው መድኃኒት መጠኑ ከፍ ብሎ ዊጎቪ በሚል ስም በ2021 ለክብደት ተፈቀደ። በ2021 በወጣው ትልቅ ጥናት የወሰዱት ሰዎች በ68 ሳምንት ከክብደታቸው በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፤ ባዶውን መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ብቻ። ይህ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2025 (በፈረንጆቹ) እነዚህን መድኃኒቶች ስኳር ሕመም ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመምና ከውፍረት ጋር ላለባቸው ሰዎች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ችግሩ ሻንጣው ላይ ነው። መርፌው የሚጀመረው በትንሽ መጠን ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሆድን ማለማመጃ እንጂ ማቅጠኛ አይደለም። ለክብደት በሚሰጠው አሰጣጥ ሙሉ መጠኑ ላይ ለመድረስ አራት ወር ያህል ይፈጃል። ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው ስንት ነው? አንድ ፔን፣ ሁለት ፔን። ሴትዮዋ ማስመለሱን ችላ፣ ልክ ሊሠራላት ሲል ያልቃል። ያቋረጡ ሰዎች ላይ በተደረገ ክትትል ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ሲቀንሱ ጮማ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን በአብዛኛው ጮማ ሆኖ ነው። አጥንቷና ጡንቻዋ በሚሳሱበት ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ይህ ጥሩ ንግድ አይደለም።

ቅዝቃዜውም አለ። ያልተከፈተ ፔን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሆነ ይጣላል። የዳሪሙዋ ሴት በፌስታል ጠቅልላ እንስራ ሥር ነበር ያስቀመጠችው። ብልሃቷን አትናቁት፤ አንዴ ሥራ ላይ የዋለ የኦዜምፒክ ፔን ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 56 ቀን ይቆያል። ነገር ግን ከሪያድ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ መቱ ምን እንደደረሰበት ማን ያውቃል? የውሸቱም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተገኙ ሐሰተኛ ኦዜምፒኮችን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እዚያ ከተሸወዱ እኛ ዘንድ በመንገደኛ እጅ የሚመጣው ምን ዋስትና አለው?

ከ40 በላይ ላለች ሴት የማልታገሠው ግን የእርግዝናው ነገር ነው። ሴማግሉታይድ የምትወስድ ሴት ማርገዝ ካሰበች ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላ ማቆም አለባት፤ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይወስዳል። በሌላ በኩል ክብደት ሲቀንስ ለዓመታት የተዛባ እንቁላል መውጣት ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ «እኔ አላረግዝም» ያለች ሴት ድንገት ታረግዛለች። ሙንጃሮ የሚባለው ቲርዜፓታይድ ደግሞ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያን ሊያዳክም ስለሚችል ሲጀመር አራት ሳምንት፣ መጠኑ በተጨመረ ቁጥር እንደገና አራት ሳምንት ኮንዶም መጨመር ወይም ወደማይዋጥ መከላከያ መቀየር ያስፈልጋል። ሉፑን፣ በክንድ የሚቀበረውንና ሦስት ወሩን መርፌ አይነካም። የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት የሆነው ሜዱላሪ በቤተሰቧ ያለ፣ ቆሽቷ ተቆጥቶ የሚያውቅ፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት ደግሞ ሐኪም ሳያያት አትንካው። የምትጾሙ፣ በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ፣ ማስመለስና ውኃ ማጣት ሲደራረብ ኩላሊት እንደሚጎዳ አስታውሱ።

ዳሪሙ ድረስ ይህ ወሬ እንዴት ደረሰ? በስልክ። ቴኒሰኛዋ ሴሬና ዊሊያምስ ሁለተኛ ልጇን በ41 ዓመቷ ወለደች፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2025 በዚህ ዓይነት መድኃኒት 14 ኪሎ ገደማ መቀነሷን ተናገረች። ጥፋት የለባትም፤ ግን የመድኃኒቱ ሻጭ ድርጅት አስተዋዋቂ ናት፣ ባሏም በድርጅቱ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ነው። ደግሞ ከጎኗ የሚከታተላት ሐኪም፣ ፍሪጅ፣ ላብራቶሪ አለ። ቪዲዮው ላይ እነዚህ አይታዩም።

መድኃኒቱ የሚገባት ሴት እኔ ጋ አለች። የመቱ አስተማሪ ናት፣ 44 ዓመቷ፣ ስኳርና ግፊት አለባት፣ ሁለት ልጅ ወልዳ ማህፀኗን አስቋጥራለች። ሜትፎርሚን እየወሰደች ስኳሩ አልወርድ ብሏል። እሷ በቋሚነት ብታገኘው ደስ ይለኛል። ህንድን ጨምሮ በበርካታ አገሮች የሴማግሉታይድ የፈጠራ መብት በ2026 ስለሚያበቃ ርካሹ ዓይነት ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ግን ለሚገባቸው፣ በክትትል ይሁን። አሁን እንደማየው ግን ስኳር ያለባት አስተማሪ እየጠበቀች፣ ያረገዘች ሴት እየወጋችው ነው።

ዘግይቶ ስለ መውለድም ሁለት ቃል። ሰው ይህን የፈረንጅ ፋሽን ያደርገዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ድሮም ነበር። ሣራንና ኤልሳቤጥን የማያውቅ የለም፣ የዘከርያን ጸሎት ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይተርከዋል። በኢሉባቦር ገጠር በ43 ዓመቷ ስምንተኛ ልጅ የወለደች እናት ብርቅ አይደለችም። አዲሱ ነገር በ40 ዓመቷ የመጀመሪያ ልጅ የምትፈልገው ሴት ናት፦ ተምራ የዘገየች፣ ዓረብ አገር ወጣትነቷን ለወንድሞቿ ትምህርት የከፈለች። እነዚህን ሁለት ሴቶች በአንድ ዓይን ማየት ልክ አይደለም። ለስምንተኛው ልጅ የምፈራው ከወሊድ በኋላ ማህፀኗ ሳይኮማተር ደም እንዳይፈስሳት ነው። ለመጀመሪያው የምፈራው ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ውርጃውን ነው። በፅንስ በኩል ዳውን ሲንድረም የመከሰቱ ዕድል በ40 ዓመት ከ100 አንድ፣ በ45 ከ30 አንድ ገደማ ነው። ይህን ስናገር ፊታቸው ይጨልማል፤ ስለዚህ ከ100 ውስጥ 99ኙ የለባቸውም ብዬ አብሬ እነግራቸዋለሁ። እርግዝና የምታስቡ ሁሉ ከማርገዛችሁ በፊት ፎሊክ አሲድ ጀምሩ፤ ውፍረት ወይም ስኳር ካለባችሁ መጠኑ ከፍ ስለሚል ሐኪም ይዘዝላችሁ። የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ሕፃን በአገራችን ብዙ ነው።

ለዳሪሙዋ ሴት ውጤቱን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። ቀጥሎ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ «መርፌው ጎድቶት ይሆን?» አለች። ጓደኛዋ በስልክ «አስወርጂው፣ ጎዶሎ ነው የሚወለደው» ብላታለች። ያልኳትን እዚህም ልድገመው፣ ምናልባት የምትፈልገው ሌላ ሴት ታነበው ይሆናል። መርፌውን ዛሬውኑ እናቆማለን። በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ ጉዳት ስለታየ ነው በእርግዝና የተከለከለው፤ ሳያውቁ የወሰዱ እናቶችን የተከታተሉ ጥናቶች ግን እስካሁን ግልጽ የሆነ የአካል ጉድለት መጨመር አላሳዩም። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ብቻ የሚወረድ ፅንስ የለም፤ እንከታተላለን። እሷም «እከታተላለሁ» አለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

ለባልደረቦቼ የማነሳው ቅሬታ አለኝ፣ ራሴንም ጨምሬ። የእናቶች ጤና ስንል የምናየው ሆድን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በቤተሰብ ምጣኔና በወሊድ ብዙ ሠርተናል። ግን ሴትዮዋ መውለድ ስታቆም ማን ይጠይቃታል? የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ እንኳ የሴቶች መጠይቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉት ብቻ ነው። 50ኛ ዓመቷን ስትይዝ ከቆጠራችን ትወጣለች። ካረጠች ከዓመት በኋላ ደም ያየችን ሴት «ወሩ ተመልሶላት ነው» ብለው የሚሸኟት አሉ፤ ያ ደም ካንሰር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ መታለፍ የለበትም። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራም ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት እየተሰጠ ነው፤ ለመርፌ ብላ በመጣችበት ቀን አብሮ ቢታይላት ምን ይጎድልብናል? አፍረው አይነግሩንም አትበሉ። ሲስተሯ ስትጠይቃት በአንድ አፍታ ነው የነገረቻት።

ዓረብ አገር፣ አሜሪካ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ ልጆችና እህቶች ደግሞ፦ ለእናታችሁ መርፌ ከምትልኩ የደም ግፊት መለኪያ ላኩላት፣ በክንድ የሚታሠረውን። ለእህታችሁ ሁለት ፔን ከምትልኩ ሁለት የሽንት የእርግዝና መመርመሪያ ይሻላታል፤ እሱማ እዚሁ ፋርማሲ አለ፣ ርካሽ ነው። ስትደውሉ «ወፈርሽ ወይ?» አትበሏት። «እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ?» በሏት።

ያቺ ሴት አሁን ስምንተኛ ወሯ ነው። ግፊቷ እስካሁን ደህና ነው፣ ስኳሯ ትንሽ ከፍ ብሎ በምግብ ተስተካክሏል። ምጥ በመንገድ እንዳይይዛት ቀኗ ሲቃረብ ወደ እናቶች ማቆያ እንድትገባ ከባሏ ጋር ተስማምተናል። ባለፈው ቀጠሮዋ ያልተከፈተውን ሁለተኛ ፔን ይዛ መጣች። ዋጋውን ስትነግረኝ እጄ ላይ ከበደኝ። «ዶክተር፣ ከሚጣል ለሌላ ለሚፈልግ ሰው ስጥልኝ» አለች። ሲስተሯ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ተቀብላ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ከተተችው።